ሠላሳ ሁለቱ ቪቴዎች

እኔ ቪቴ የምሸጠው በኪሎ ነው። ካምፓላ፣ ኪሱጉ ውስጥ፣ ከካባላጋላ ወደ ናሙዎንጎ በሚያወርደው መንገድ ላይ በሩ ሰማያዊ የሆነ ሱቅ ካያችሁ የኔ ነው። ታፔላው «ጋይም ሃርድዌር» ይላል። ሚስማር፣ ቀለም፣ ቧንቧ፣ ማጠፊያ፣ የበር ቁልፍ፣ የምትፈልጉት ሁሉ አለ። አሥራ አራት ዓመት ስሸጥ አንድ ቀን እንኳ አንዲት ቪቴ አንስቼ ፊቷን አይቼ አላውቅም። ምን ቆርጦኝ! በእፍኜ ዝቄ ሚዛን ላይ አደርጋለሁ፣ ሰውየው ይከፍላል፣ ይሄዳል። ቪቴ ደግሞ ምን ፊት አላት የሚል ካለ አልፈርድበትም። ጋሽ ደሬሳ ግቢዬ እስኪገቡ ድረስ እኔም እንደዚያ ነበርኩ።

ጋሽ ደሬሳን መጀመሪያ ያወቅኳቸው በር ሲከፍቱ ነው። ማዳም ናሉቤጋ የሚባሉ ሴትዮ ኮሎሎ ላይ ሰፊ ግቢ አላቸው። ቀለም ላደርስ በሄድኩ ቁጥር በሩን የሚከፍቱልኝ አረንጓዴ ዩኒፎርም የለበሱ፣ ቀጭን፣ ጢማቸው የሸበተ ሽማግሌ ነበሩ። አንድ ቀን በሩን እየገፉ በአማርኛ «ይሄ ማጠፊያ ዘይት ዘይት ሲል ዓመቱ!» ብለው ሲያጉረመርሙ ሰማኋቸውና ክው አልኩ። እኔ አዲስ አበባ ተወልጄ ያደግኩ ኤርትራዊ ነኝ፤ አማርኛ ስሰማ እግሬ አልፎ አይሄድልኝም። ቀለሙን አስቀምጬ ወሬ ጀመርን፤ ቀለሙን ያስታወስኩት ማዳም ናሉቤጋ ከቤት ብቅ ብለው ሲጠሩኝ ነው።

ለካ ሰውየው ሠላሳ ዓመት አዲስ አበባ ውስጥ የአውቶቡስ ቦዲ ሲሠሩ የኖሩ ባለሙያ ናቸው። በስደት ካምፓላ ከገቡ ስድስት ዓመታቸው ነው። እዚህ ደግሞ የአውቶቡስ ቦዲ ሥራልኝ ያላቸው ሰው የለም፤ በር ክፈትልን ያላቸው ግን ተገኘ። ይህን ሲነግሩኝ ይስቃሉ። ዓይናቸው ግን በየመሐሉ ከቤቱ ኋላ ወዳለው የማንጎ ዛፍ ይሄዳል። ዛፉ ሥር ሁለት አሮጌ ካራቫኖች ቆመዋል። ካራቫን እንኳ ታውቁታላችሁ፣ ያ በመኪና የሚጎተተው፣ አልጋና ወጥ ቤት ያለው የሽርሽር ቤት ነው። የድሮ ተከራዮች ጥለዋቸው የሄዱ ናቸው፤ ቅጠል ተከምሮባቸው ጎማቸው መሬት ውስጥ ገብቷል።

«ስድስት ዓመት ሙሉ ጠዋት ጠዋት እንደምን አደራችሁ እላቸዋለሁ» አሉኝ ጋሽ ደሬሳ። «በወር ተኩል፣ በሁለት ወር ነፍስ ይዘሩ ነበር። ለማን ብዬ ልናገር? የበረኛ ነገር ማን ይሰማል?»

ይቺ ነገር ሆዴ ውስጥ ቀረች። ቁጡ ነኝ፣ ተሳዳቢ ነኝ፣ ሰላስን ብትጠይቋት ከዚህም የባሰ ትነግራችኋለች። ግን አንድ ነገር ሆዴ ከገባ አይወጣም።

ሰላስ ጎረቤቴ ናት። ዳቦ፣ ኬክ፣ ብስኩት ትጋግራለች፤ ምላሷ ከምድጃዋ ይበልጥ ይፋጃል። ባለፈው ዓመት ማዳም ናሉቤጋ ከግቢያቸው ፊት ለፊት ያለውን ሣር ለሻይና ለኬክ መሸጫ አከራይሻለሁ፣ ግን የዘመኑ ኮንቴይነር ግቢዬ አይገባም፣ የሚያምር ነገር አምጪ አሏት። ሰላስ ስትዞር ስትዞር ሙቱንጎ ላይ፣ ሐይቁ ቁልጭ ብሎ ከሚታይበት አንድ ግቢ ውስጥ፣ ዶሮ የሚያድርበት ካራቫን አግኝታ ገዛች። የተሠራው እኔ ከመወለዴ በፊት ነው። ኪሱጉ ጎትተን ሱቄ ጓሮ ስናቆመው ሁለት ዶሮዎች አብረውት መጥተዋል።

«አሁን ይሄን ማን ይጠግነዋል?» አለችኝ።

«የማዳም ናሉቤጋ በረኛ» አልኳት።

ሰላስ ሳቀች፤ ማዳም ናሉቤጋም ሲሰሙ ሳቁ። ክፉ ሴት አይደሉም፣ ነገሩን ግን አላመኑትም። በመጨረሻ ጋሽ ደሬሳን ጠርተው እንዲህ አሏቸው። «ሦስት ሳምንት ፈቃድ ሰጥቼሃለሁ። በሦስተኛው ቅዳሜ ጠዋት ካራቫኗ እዚህ ትድረስ። ዝናብ የማታስገባ፣ ዓይን የምትሞላ ሆና ከመጣች ኋላ ያሉት ሁለቱ ያንተ ሥራ ናቸው፤ ዩኒፎርሙን ትመልሳለህ፣ መሥሪያ ቦታም እዚሁ እሰጥሃለሁ። ካልሆነ ግን ሰኞ ጠዋት በሩ ላይ እንገናኛለን።»

ጋሽ ደሬሳ ስልሳ አንድ ዓመታቸው ነው። ሌላ የሚሞክራቸው ሰው እንደማይመጣ ያውቃሉ፤ እኔም አውቃለሁ። ኪሱጉ የመጡት ዩኒፎርሙን በፌስታል ጠቅልለው ይዘው ነው። ሱቄ ውስጥ ከቀለም ቆርቆሮዎቹ በላይ አስቀመጡትና «እዚህ ይቆይ፤ ሰኞ የሚሆነው አይታወቅም» አሉኝ።

የመጀመሪያው ሳምንት የዶሮ ኩስ ስንጠርግ አለቀ። ሁለተኛው ሳምንት እሳቸው የበሰበሰውን እንጨት እያወጡ አዲስ ሲገጥሙ፣ የተጨራመተውን አልሙኒየም በእንጨት መዶሻ ሲያቀኑ አለፈ። እጃቸውን ማየት ነው! በር ሲከፍቱ የማውቃቸው ሰውዬ ጎብጠው ነበር፤ መዶሻ ሲይዙ ጀርባቸው ቀና አለ። ቦዳ የሚባለውን የሞተር ታክሲ የሚነዱት የሰፈሩ ልጆች እንኳ ሞተራቸውን አቁመው በአጥር ላይ ይመለከቷቸው ነበር። በዚህ ሁሉ አንድ ቀን አልተጣላንም።

የተጣላነው በቪቴ ነው።

የመስኮቶቹ ክፈፍ ወደ አልሙኒየሙ በቪቴ ይታሰራል። እኔ ቸር ሆኜ ከሱቄ አንድ ካርቶን ሙሉ መስቀል ራስ ቪቴ አመጣሁላቸው፤ በትራፓኖ ጥዝዝ ሲደረግ በአንድ ትንፋሽ የሚገባውን ዓይነት ነው።

«ይሄ ምንድን ነው?» አሉኝ።

«ቪቴ ነዋ!»

«ይሄ ለቁም ሳጥን ነው። ይህቺ ቤት የተሠራችው ራሷ ላይ አንድ ስንጥቅ ብቻ ባላት የነሐስ ቪቴ ነው። የወጣው ነው የሚገባው።»

«ኧረ በሕግ ጋሽ ደሬሳ! ማን ያየዋል?»

«እኔ።»

ምን ይባላል? ሱቁን ስገዛ ከዕቃው ጋር የመጣ፣ አሥራ አራት ዓመት ሙሉ አንድ ሰው ዋጋውን ያልጠየቀኝ ካርቶን መደርደሪያው ሥር ነበረ። አቧራውን እየዋጥኩ አወጣሁት። ሲከፍቱት ፊታቸው በራ። ያን ቀን ቢያንስ ይሄ ቆሻሻ ከሱቄ ይወጣልኛል ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር።

ከዚያ መግጠም ጀመሩ፤ እኔም መበሳጨት ጀመርኩ። አንዷን ቪቴ በእጃቸው፣ በካቻቢቴ፣ ቀስ ብለው ያጠብቃሉ። መጥበቋን ሲያረጋግጡ ስንጥቋን ያያሉ። ስንጥቋ ወደ ጎን ካዘመመች ይፈቷታል! አውጥተው የጃም ክዳን ላይ ያስቀምጧታል፣ ሌላ ያነሳሉ፣ ያጠብቃሉ፣ ያያሉ። ያቺም ካዘመመች ትወጣለች። አራተኛዋ ወይ አምስተኛዋ ልክ ስትጠብቅ ስንጥቋም ከላይ ወደ ታች ቀጥ ብላ ትቆማለች። ያኔ «እሰይ» ይሏታል። ሰው እንደሚያመሰግኑ ነው እኮ! ከዚያ ወደሚቀጥለው ቀዳዳ ይሄዳሉ። አንዲት ቪቴ አሥር ደቂቃ ትፈጃለች። እኔ በአሥር ደቂቃ ሦስት ኪሎ እሸጣለሁ።

«ስንጥቋ የትም ብታይ ምን ቸገረዎት?» አልኳቸው አንድ ቀን ደሜ ፈልቶ።

እሳቸው አይቆጡም። «አየህ» አሉኝ፣ «ቀጥ ባለ ስንጥቅ ላይ ውሃ አያድርም፣ ይወርዳል። ይሄ አንዱ ነው። ሁለተኛው፣ ይህቺ ቤት መንገድ ላይ ትናጣለች። ሁሉም ቀጥ ብለው ከቆሙ አንዷ የላላች ቀን ከሰልፉ ትወጣለች፤ ሩቅ ቆመህ በዓይንህ ትለያታለህ። ካቻቢቴ ይዘህ አንድ በአንድ መነካካት የለብህም።»

«እሺ፣ እንግዲያው ቀጥ እስክትል ማዞር ነዋ! ምን ያስፈታል?»

«አይሆንም። መጥበቋና ቀጥ ማለቷ አንድ ላይ መምጣት አለበት። የሁሉም ጥርስ የሚጀምረው ከአንድ ቦታ አይደለም፤ ለዚህኛው ቀዳዳ ያዘመመችው ለዚያኛው ትቆማለች። ባለቤቷን መፈለግ ነው። ሳትጠብቅ ቀጥ ያደረግካት ቪቴ ቆማ ተኝታለች ማለት ነው።»

ሰማሁ። ጆሮዬ ሰማ ማለቴ ነው።

የሦስተኛው ሳምንት ማክሰኞ ሆነ። ትልቁ የፊት መስኮት ሠላሳ ሁለት ቪቴ አለው፤ እስከ ምሳ ሰዓት አሥራ ሁለቱ ብቻ ገብተዋል። ሰላስ ዱቄት እንደነካት መጥታ ቆመችና «ዋይ ኣነ! ጋይም፣ ቅዳሜ እኮ ደረሰ! ወይስ ኬኩን ቪቴ ላይ ሰክቼ ልሽጠው?» አለችኝ። ጋሽ ደሬሳ የበሩ ዙሪያ ጎማ ስላጠረባቸው ቦዳ ተሳፍረው ኪሴካ ገበያ ሄዱ፤ ትራፊኩ ተጨምሮ ሦስት ሰዓት አይመለሱም።

እኔና ሃያ ቀዳዳ ተፋጠጥን።

ልርዳቸው ብዬ ነው። በሞቴ፣ ሌላ ሐሳብ አልነበረኝም። ትራፓኖውን አመጣሁና ሃያውን ቪቴ ጥዝዝ ጥዝዝ አድርጌ አስገባኋቸው። ገሚሶቹ ጠብቀው አዘመሙ። ካቻቢቴ አንስቼ ያዘመመችዋን ሁሉ ትንሽ ወደ ኋላ መለስኳት፤ ስንጥቋ ቀጥ ስትል ተውኳት። ሩብ ዙር ምን አላት? ግማሽ ሰዓት አልፈጀብኝም። ራቅ ብዬ ሳያት እንዴት ታምራለች መሰላችሁ፤ ሃያው የኔና አሥራ ሁለቱ የሳቸው አይለዩም። ያን ጊዜ በራሴ ኮርቼ እንደነበር ልደብቃችሁ አልችልም።

ጋሽ ደሬሳ ጎማውን ተሸክመው ተመለሱ። መስኮቱን አዩ። መነጽራቸውን አውልቀው በሸሚዛቸው ጠርገው እንደገና አዩ።

«አንተ ነህ?»

«እኔ ነኝ።»

«ሁሉንም?»

«ሃያውንም።»

በካቻቢቴ ይነካኩታል ብዬ ጠበቅኩ። አልነኩም። እጃቸውን ትከሻዬ ላይ አድርገው «እኔ ደግሞ ሁለት ሳምንት ሙሉ ዝም ብለህ የምትሳደብ መስሎኝ ነበር፤ ለካ እያየህ ኖሯል። እጅህ ይባረክ!» አሉኝ። ከዚያም ወደ መንገዱ ወጥተው በገዛ ኪሳቸው ሮሌክስ ገዝተው መጡ፣ ያን በቻፓቲ የተጠቀለለ እንቁላል። ግማሹን ለኔ ቆርሰው ሰጡኝ። ያኔ እውነቱን ልናገር አፌን ከፈትኩ፤ ግን ሮሌክሱን ጎረስኩበት።

ረቡዕ በሩን ገጠሙ። ሐሙስ ጠዋት ሰላስ አዲስ ያሰፋቻቸውን ቢጫ ትራሶች አምጥታ መስኮቱ ሥር ካለው መቀመጫ ላይ ደረደረቻቸው። ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ዝናብ መጣ።

የካምፓላን ዝናብ የማያውቅ ካለ እድለኛ ነው። ሰማዩ ይጠቁራል፣ ቦዳዎች ይሸሻሉ፣ ከዚያ ባልዲ የሚገለበጥ ነው። ሦስታችን ካራቫኗ ውስጥ ገብተን በሩን ዘጋን። ጋሽ ደሬሳ መሐል ቆመው ጣሪያውን፣ ማዕዘኖቹን፣ በሩን በተራ ያያሉ። ጣሪያው ደረቅ ነው። በሩ ደረቅ ነው። ሰላስ «እልልል!» ልትል አፏን ስትከፍት ከትልቁ መስኮት ሥር አንዲት ቀጭን የውሃ መስመር ግድግዳውን ይዛ ወረደች። ሌላ ተከተለች። ቢጫው ትራስ ላይ ጠብ፣ ጠብ አለ። ትንሽ ቆይቶ ትራሱን ብታነሳው ይጨመቃል።

ሰላስ፣ ያቺ ምላሷ የሚፋጀው፣ አንዲት ቃል አልተናገረችም።

ጋሽ ደሬሳ ጣታቸውን ውሃው ላይ አድርገው እስከ ክፈፉ ድረስ ወደ ላይ ተከተሉት። ከዚያ የተገለበጠ ጄሪካን ላይ ቁጭ አሉ።

«ማስቲሹን የቀባሁት እኔ ነኝ» አሉ። «ክፈፉን የለካሁት እኔ ነኝ። ምኑን እንዳጠፋሁት አይታየኝም። ድሮ ይታየኝ ነበር፤ አሁን አይታየኝም። በቃ፣ ዓይኑም እጁም ሄዷል ማለት ነው።» ቀና ብለው አዩኝ። «ጋይም፣ ስልክህን ስጠኝ። ሴትዮዋ እስከ ቅዳሜ ከሚጠብቁ ዛሬውኑ ልንገራቸው። ሰኞ በሬ ላይ እገኛለሁ። ለሰላስም ሌላ ሰው ይፈለግላት።»

ስልኩን አውጥቼ እጄ ላይ ይዤዋለሁ። እግዜር ያሳያችሁ፣ ዝም ብል ማንም አያውቅም ነበር! ሠላሳ ሁለቱም ቪቴዎች ቀጥ ብለው ቆመዋል፤ ማን ነው የኔን የሚለየው? ስልኩን ብሰጣቸው ያለቀለት ነገር ነው። እጃቸውን ዘርግተዋል። ያ ትከሻዬ ላይ ያረፈው እጅ ነው።

«እኔ ነኝ!» አልኩ። መናዘዝ እንኳ ያለ ጩኸት አልችልበትም። «እኔ ነኝ አልኩዎት! የርስዎ እጅ ምንም አልሆነም! ማክሰኞ ዕለት በትራፓኖ አስገብቼ፣ ያዘመመውን ወደ ኋላ መለስኩት። አላልቼ ነው ቀጥ ያደረግኩት። ቆመው የተኙት የኔ ናቸው! ሮሌክሱንም አላግባብ ነው የበላሁት!»

መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ደስታዬ ነበር። ጋሽ ደሬሳ ከጄሪካኑ ቀና ብለው «ስንቶቹን ነው የመለስካቸው?» አሉ።

«አላውቅም። አሥር... አሥራ አንድ።»

«የትኞቹን?»

«እሱንም አላውቅም።»

ትከሻቸው ተንቀጠቀጠ። የሚያለቅሱ መስሎኝ ደነገጥኩ፤ ለካ እየሳቁ ነው። ሳቁ፣ ሳቁ፣ መነጽራቸውን አወለቁ። «ተመስገን!» አሉ። «ተመስገን፣ እጄ አይደለም! አንተ ክፉ ልጅ፣ ልትገድለኝ ነበር እኮ!»

ሰላስም ምላሷ ያን ጊዜ ተመለሰላት። ምን ምን እንዳለችኝ እዚህ አልጽፈውም፤ ግማሹ በትግርኛ ነው፣ ግማሹ ደግሞ አይጻፍም። የረጠበውን ትራስ ስትወረውርብኝ ፊቴን ነው ያገኘችው።

ዓርብ ጠዋት ሱቄን ዘጋሁ። በሥራ ቀን ስዘጋ የመጀመሪያዬ ነው። ክፈፉ ተነስቶ፣ አሮጌው ማስቲሽ ተፍቆ፣ አዲስ ተቀብቶ ተመለሰ። ከዚያ ጋሽ ደሬሳ ጄሪካናቸው ላይ ተቀመጡ፣ ሻያቸውን ያዙ፣ ካቻቢቴውን ሰጡኝ።

«ሠላሳ ሁለቱንም» አሉኝ።

«አሥራ ሁለቱ እኮ የርስዎ ነበሩ!»

«አሁን ወጥተዋል። ያንተ ናቸው።»

ትራፓኖ የለም። በእጅ። የመጀመሪያዋን ሳጠብቅ አዘመመች። አወጣሁ። ሁለተኛዋም አዘመመች። ሦስተኛዋ ላይ ካቻቢቴው አዳልጦኝ አውራ ጣቴን ላጠኝ፤ የሰደብኩትን ስድብ ሰምታ ሰላስ ከዳቦ ቤቷ መለሰችልኝ። አንድ ደንበኛ ሱቁ ተዘግቶበት በአጥሩ ላይ ብቅ ብሎ አየኝና «ጌታዬ፣ ሚስማር የለም?» ሲል «ዛሬ ሞቻለሁ፣ ነገ ና!» ብዬ መለስኩት። ስድስተኛዋ ቪቴ ስትጠብቅ ግን እጄ ላይ አንድ ነገር ተሰማኝ። እንዴት ልበላችሁ፣ ከዚህ በኋላ አልሄድም ብላ እርግጥ ያለች ነገር ነች። ሳያት ስንጥቋ ቀጥ ብሏል። ሳላስበው «እሰይ!» አልኳት። ጋሽ ደሬሳ ሻያቸው ውስጥ እየተመለከቱ ፈገግ አሉ፤ ሰምተውኛል።

ሠላሳ ሁለተኛዋ የገባችው ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ነው። የጃም ክዳኑ ላይ ከነበሩት መሐል ጠዋት አምስት ቀዳዳ ላይ እምቢ ያለች ቪቴ መጨረሻው ቀዳዳ ላይ ልክ ቁጭ አለች። በጎማ ቧንቧ መስኮቱን ግማሽ ሰዓት ሙሉ አጠብነው። ሰላስ ውስጥ ሆና በደረቅ እጇ ግድግዳውን ስትዳብስ ቆየችና «ደረቅ!» ብላ ጮኸች። ጋሽ ደሬሳ ዩኒፎርማቸው ያለበትን ፌስታል አውርደው ሊመልሱት ለጉዞ አዘጋጁት።

ቅዳሜ ጠዋት በፒክአፕ ጎተትናት። ክሬምና ቀይ ቀለም ተቀብታ፣ አልሙኒየሟ እያበራ፣ በካባላጋላ ስናልፍ ሰው ሁሉ ይዞራል። ቦዳ ነጂዎች በግራ በቀኝ አጅበው «ምዜ፣ ስንት ትሸጣታለህ?» ይላሉ፤ ሽማግሌን ሲያከብሩ ምዜ ነው የሚሉት። ጋሽ ደሬሳ ጋቢና ውስጥ አጠገቤ ተቀምጠው በየጉድጓዱ ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። መንገዱ ጉድጓድ አልነፈገንም።

ኮሎሎ ደርሰን በሩ ፊት ስንቆም ጋሽ ደሬሳ ከመቅጽበት በራቸውን ከፍተው ወረዱ። የት ይሄዳሉ ብዬ ሳይ ወደ በሩ እየሮጡ ነው፤ ሊከፍቱ! የስድስት ዓመት ልማድ ነው። በሦስቱ ሳምንት ተተክቶ የሚሠራው ወጣት በረኛ ከውስጥ ቀድሞ ወጣና እጁን ዘረጋ። «አይ ምዜ፣ ዛሬ እኔ ነኝ የምከፍተው። እርስዎ ይግቡ።» ከፈተላቸው። ጋሽ ደሬሳ መሐል መንገድ ላይ እጃቸውን የት እንደሚያደርጉት ጠፍቷቸው ቆሙ፤ በኋላ በእግራቸው ገቡ። እኔ ከኋላ መሪ ይዤ ዓይኔ ረጠበ። አዎ፣ ረጠበ፤ ምን ይጠበስ?

ማዳም ናሉቤጋ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ካራቫኗን ዞሯት። ሰላስ ጥፍሯን ትበላለች። ሴትዮዋ ትልቁ መስኮት ጋ ጎንበስ አሉና «እነዚህ ለምንድን ነው ሁሉም ቀጥ ብለው የቆሙት?» አሉ።

ጋሽ ደሬሳ በተሰባበረ እንግሊዝኛቸው አስረዷቸው፤ ዝናቡን፣ መንገዱን፣ የላላችው ከሰልፍ እንደምትወጣ።

ማዳም ናሉቤጋ ጥቂት እርምጃ ሄዱና ቆሙ። ጣታቸውን ቀሰሩ። «ታዲያ ይቺ?»

መንገድ ላይ አንዷ ዞራለች! የኔ ነች፣ ሌላ የማን ልትሆን ትችላለች? ሰላስ ዓይኗን አጉረጠረጠችብኝ። ጋሽ ደሬሳም እኔም ሮጠን ጎንበስ አልን። እውነትም አንዲት ቪቴ ከመደዳዋ ወጥታ አዘምማለች። ግን መስኮቱ ላይ አይደለም። የበሩ ማጠፊያ ላይ ነው፤ ረቡዕ ዕለት ጋሽ ደሬሳ ራሳቸው የገጠሙት። ቀና ስንል ዓይን ለዓይን ተያየን።

«የኔ ናት» አሉ ጮክ ብለው፣ ለማዳም ናሉቤጋም እንዲሰማ። «የሱ ሠላሳ ሁለቱ አልተነቃነቁም። የላላችው የኔ ናት።» ከዚያም ሳቁ፤ ያ የሐሙሱ ሳቅ ነው። «አዩ ማዳም? ሩቅ ቆመው በዓይንዎ አገኟት። ለዚህ ነው የምናቆማቸው።»

ማዳም ናሉቤጋ ቪቴዋን አዩ፣ ጋሽ ደሬሳን አዩ። «ስድስት ዓመት በሬ ላይ ምን ታደርግ ነበር?» አሉ በመጨረሻ። «ለምን አልነገርከኝም? ዩኒፎርሙ የት አለ፣ አምጣው።» ጋሽ ደሬሳ ፌስታሉን በሁለት እጃቸው አቀበሏቸው። ሰላስ እልልታዋን ለቀቀችው፤ ከሐሙስ ጀምሮ አፏ ውስጥ የቆየ ነው።

ጋሽ ደሬሳ ኪሳቸው ገብተው ካቻቢቴውንና በወረቀት የተጠቀለሉ ጥቂት ቪቴዎች አወጡና እጄ ላይ አደረጉ። «አንተ ግባበት» አሉኝ፤ ሄዱ።

ማጠፊያው ሥር ተንበርክኬ የላላችውን አወጣሁ። ሌላ ሞከርኩ፣ አዘመመች። ሌላ። አራተኛዋ ስትጠብቅ ያ ዓርብ ዕለት የተሰማኝ ነገር እጄ ላይ መጣ፤ ሳያት ቀጥ ብላለች። ያዩልኝ ብዬ ዞር ስል አጠገቤ የሉም። ከቤቱ ኋላ፣ ማንጎው ሥር፣ የመጀመሪያዋን ካራቫን በር ከፍተው ግማሽ አካላቸው ውስጥ ገብቷል። ቅጠል ወደ ውጭ እየጣሉ ነው።

«ጋሽ ደሬሳ!» ብዬ ጮህኩ። «ይምጡ ይዩት እንጂ!»

«ቆማለች?» አሉ ከውስጥ።

«ቆማለች!»

«ጠብቃለች?»

እጄን አስደግፌ አንድ ጊዜ ሞከርኳት። አልተነቃነቀችም።

«ጠብቃለች!»

«እንግዲያ ምኑን ልየው?» አሉኝ፣ ሌላ እፍኝ ቅጠል ወደ ውጭ እየወረወሩ። «ይልቅ እጅህን ጠራርገህ ወደዚህ ና፤ እዚህ ገና ብዙ ቪቴ አለ።»